ተቀባይ ያጣች አውራጅ

አሰበ ተፈሪ ላይ ሰርግ ተደግሶ ሳህሊቱ ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም ነበር፤ እስከታመመችበት እስከ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ድረስ። ድምፅዋ ከድንኳኑ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ጫት ሻጯ ጣሂራ እንኳ እስሯን አስቀምጣ ጆሮዋን ትሰጥ ነበር። ሳህሊቱ ታወርዳለች፣ ሴቱ ሁሉ ይቀበላል።

በኋላ የማይታዩ ሰዎች ያነጋግሯት ጀመር። እሷም መመለስ፣ መከራከር ጀመረች። ጠበል ተወሰደች፤ ሳይሻላት ሲቀር ከሚኤሶ በባቡር አዲስ አበባ ሄዳ ሰባት ወር ታከመች። ኪኒኗን ይዛ ተመለሰች። ድምፆቹ ርቀዋታል፤ ሰዉም አብሮ ራቃት። ቦኖ ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ የሚሰለፈው ሁለት ክንድ ፈቀቅ ይላል። ሰላም የሚላትም ሕፃን እንደሚያባብል ድምፁን አቅጥኖ ነው። ከታመመች ወዲህ ሦስት ዓመት ለሰርግ የጠራት የለም።

በሰባ ሰባት ጥር፣ አዝላ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ አልጋነሽ ልትዳር ሆነ። የልጅቱ እናት ዘርፈሽዋል ሳህሊቱን፣ የወንዱ ወገን በዘር የሚሄድ በሽታ እያጠያየቀ ነውና ሚኤሶ ዘመድ ጋ ሰንብተሽ ነይ አለቻት። አልጋነሽ ይህን ስትሰማ፣ እትዬ ከሌለች እኔም ከቤት አልወጣም ብላ ቁጭ አለች። በስንት ልመና ሳህሊቱ ድንኳኑ ጥግ ዝም ብላ እንድትቀመጥ ተስማሙ።

ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰርጉ የቀን ነው። ሙሽራው ገባ። እንድታወርድ የተመረጠችው ልጅ ግን ስንኙ ጠፋባት፤ ከበሮው ብቻውን ቀረ። ሳህሊቱ ቃሏን አልረሳችም፤ እግሯ ነው ቀድሟት የተነሳው።

«የጓሯችን ሎሚ አብቦ አብቦ፣
ሄደ ወደ ሰው ደጅ ሽታውን ሰብስቦ።»

የተቀበለ የለም። ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ደገመችው። ከመሀል አንዷ፣

«ምን አስቸገራችሁ፣ ራሷ ትቀበለዋለች። ለምዳው የለ» አለች። ጥቂቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ሳህሊቱ ልትቀመጥ ስትል ከቬሎው ስር አንድ ድምፅ ተቀበላት። ሙሽራ በሰርጓ አትዘፍንም፤ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውል። አልጋነሽ ግን ቀና ብላ ስንኙን ከሎሚው እስከ ሽታው ተቀበለችና፣ ቀጥዪ በሚል ዓይን አክስቷን አየቻት። ሳህሊቱ ደረቷ ሞላ። ሁለተኛው ስንኝ አፏ ላይ ደረሰ።

ያኔ የሙሽራው እናት ወደ ባሏ ጠጋ አለች።

«ይቺንም ይሆን እንዴ እንደ አክስቷ የሚያደርጋት?»

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ሳህሊቱ ግን ሰማች። አልጋነሽ አሁንም ትጠብቃለች፣ ከንፈሯ ለመቀበል እንደተከፈተ።

ሳህሊቱ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ አነሳች። ስንኙን ዋጠችው፤ ነጠላዋንም አስተካክላ ተቀመጠች።