ባለ አንድ ጎማዋ ብስክሌቴና የወረታው ቀጥቃጭ

ባሕር ዳር ሳለሁ በሰርከስ ቡድን ውስጥ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እነዳ ነበር። ወረታ በመምህርነት ስመደብ ይዣት መጣሁ። በአዳራሽ ወለል ላይ እንደ ልቧ ስትሽከረከር ኖራ፣ ወረታ ያለችበትን የፎገራን መንገድ ግን አልቻለችውም። ክረምት አልፎ ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ከብት የረገጠው ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ድረስ ይሰማኝ ጀመር። በሁለተኛው ወር ጎንበስ ማለት አቃተኝ።

ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ዘንድ ብስክሌቴን ወሰድኳት። ገለባበጧት።

«ሌላው እግሯ የታለ?»

«አንድ ብቻ ናት፣ አባባ።»

«እስቲ ውጪባት።»

ግቢያቸውን ሁለት ጊዜ ዞርኩላቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያየኝ ይስቅ ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም። ኮርቻውን የተሸከመውን ብረት በጣታቸው ነክተው፣ «የሚጎዳሽ ይኼ ነው፤ አይታዘዝም» አሉ።

እንዲህ ያለ ዕቃ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰው ብረቱን ቆረጡና ሁለት ቱቦ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡ። በመካከሉ ከአሮጌ ባጃጅ የወጣ ሞላ አኖሩ። ኮርቻው እንዳይዞርም የውጪውን ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ የውስጡ ላይ የመቱት ችንካር በስንጥቁ ሽቅብ ቁልቁል እንዲሄድ አደረጉት። ደስ ብሎኝ ወጣሁባት። ሞላው ንቅንቅ አላለም።

ባለቤታቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከጭቃቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ባጃጅ እኮ ሦስት ሰው ይጭናል። ይህች ልጅ የአንድ ሰው ግማሽ ናት!» አሉ።

ሽማግሌው ሞላውን መልሰው አውጥተው፣ «እውነቷን ነው» አሉ። ሞላውን ከሰል ላይ አግለው ዘረጉት፤ ቀጥቅጠው አቀጠኑት፤ በወፍራም ዘንግ ዙሪያ መልሰው ጠመጠሙትና ኑግ ዘይት ውስጥ ነከሩት። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሌላ ሞላ ፈልገው እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛውን ከነከሩት በኋላ እንደ መጀመሪያው እንዳይሰበር ለዘብ ባለ እሳት አሞቁት፤ ቀለሙ ሲለወጥም አነሡት።

በማግስቱ ከሩዝ ማሳ ዳር እስከ አስፋልቱ ነድቼ ተመለስኩ። ጉድጓዱ አለ፤ ወገቤ ግን አልሰማውም።

«እኔም ልቀመጥባት» አሉ ሽማግሌው። እኔ በአንድ በኩል፣ ባለቤታቸው በሌላ በኩል ደግፈን አወጣናቸው። ከፍ ዝቅ እያሉ፣ «ይህችስ ከበቅሎ ትሻላለች!» አሉ።

«በቅሎ አራት እግር አላት፤ ውረዱ!» አሉ ባለቤታቸው።

አወረድናቸው። «ኮርቻው ትንሽ ሰፋ ቢል ደግ ነበር» ብለው መዶሻቸውን አነሡ።