አንዲት ገጽ ስትለወጥ

ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዳሴ በኋላ የሰው ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ። ሥራዬ ሐኪም ቤት ማስተርጎም ስለሆነ ፖስታ የያዘ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ያን እሑድ የደረሰኝ ግን የማንም ስም የሌለበት ማስታወቂያ ነበር። ስቴቱ ለአረጋውያንና ለችግረኞች ከሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ዕቅድ ውስጥ አንዲት ገጽ ለመለወጥ የፌዴራሉን መንግሥት ፈቃድ ሊጠይቅ ነው፤ አስተያየት ያለው በአንድ ወር ውስጥ ይጻፍ ይላል። የቤት ረዳት ያለው ሁሉ እንደገና በስልክ ይጠየቃል፤ ራሱን ችሎ የተገኘ ሰው ረዳቱ ትቋረጥበታለች። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ምእመናኑ «እነሱ ያውቃሉ» ብለው ተበተኑ። ሌላውን ለመውቀስ የማልሰንፈው እኔም አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ገጿ ጸደቀች። ብዙ ሳይቆይ እማማ ጋ ተደወለ። እማማ ጎረቤቴ ናቸው፤ የአስመራ ሰው ቢሆኑም አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት የቤት ረዳታቸው ካላነሳቻቸው ከአልጋ አይወርዱም። ላስተረጉም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጠያቂዋ በጣም ትሁት ነበረች፤ ትሕትናዋ አስፈራኝ።

«ብቻዎን መታጠብ ይችላሉ ወይ ትላለች» አልኳቸው።

እማማ እንግዳ የመጣ ይመስል ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ተመስገን፣ እታጠባለሁ በያት።»

«ከአልጋ መነሳትስ?»

«ፈጣሪ ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ!»

አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይህን ሕግ ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔው ነኝ። ያሉትን እንዳለ ተናገርኩ። ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ እማማ በመለሱ ቁጥር ትንሽ ይንኳኳና ጸጥ ይላል።

ስልኩ ሲዘጋ ተቆጣሁ። «እማማ፣ ምን ነካዎት? አሴስመንት እኮ ነው፣ ረዳት ያስፈልግዎት እንደሆነ እየመዘኑዎት ነው! ረዳቷን ካንስል ያደርጉብዎታል!»

«ለማላውቃት ልጅ ስለ ገላዬ ላውራ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ውሳኔው በፖስታ መጣ፤ ለእሳቸውም ያነበብኩት እኔው ነኝ። ራሳቸውን እንደቻሉ በራሳቸው አንደበት ስለመሰከሩ ረዳቷ ከሰኞ ጀምሮ አትመጣም። ይግባኝ ማለት ይችላሉ ይላል። ግን የሚቀርብባቸው ማስረጃ የራሳቸው ቃል ነው፤ ቃሉን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እኔስ አፍሬ ነው፣ ልጄ» አሉ። «አንቺ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»