የፈራሚዎች ሰልፍ

ሰልፍ ከመያዜ በፊት «ይህ የምን ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ለምን ቀረሁ?

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም የእርዳታ ስንዴ መጣ ሲባል ልጄን አዝዬ ሮጥሁ። በሚታደልበት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰልፍ አለ። በአንዱ ሰው ጣቱን ቀለም እየነከረ ያትማል፤ በሌላው ይፈርማል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ስሜን መጻፍ ከተማርሁ ወዲህ ጣቴን ቀለም መንከር ያሳፍረኛል። ከፈራሚዎቹ ኋላ ቆምሁ። ሰልፉም አጭር ነበር።

ተራዬ ሲደርስ የሚያድለው ሰው «ፈርሚ» ብቻ አለኝ። ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍሁና አንድ ካርቶን ተቀበልሁ። ለስንዴ ቀለለኝ። ዘወር ብዬ ስከፍተው የመምህራን ዜና ያለበት መጽሔት፣ ካርታና ጠመኔ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፊደል ቆጥሬ ሳነበው፣ ለካ ከደሴ የትምህርት ቤተ መጻሕፍት ለገጠር አስተማሪዎች የተላከ ኖሯል!

ልጄ ጠመኔውን መላስ ስትጀምር ቀማኋትና ወደ ስንዴው ሰልፍ ሄድሁ። የስንዴው መዝጋቢ ግን ቅድም ስፈርም አይቶኛል።

«ጓድ መምህርት፣ ደመወዝተኛ ስንዴ አይወስድም» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ወላሂ አስተማሪ አይደለሁም! ከስሜ ሌላ ብዙም አልጽፍ።»

ከኋላዬ ያለች ሴት «ቲቸር፣ ዞር በይልን እንጂ! ደመወዝሽን ብዪ» ብላ ሰው አሳቀችብኝ፤ ስንዴውን ሳላገኝ ተመለስሁ።

ቅዳሜ ደግሞ ይታደላል፤ መዝጋቢውም ያው ሰውዬ ነው። ካርቶኑን መልሼ ልለምነው ወይስ ፊደል አላውቅም ብዬ ጣቴን ላትም? ጡቴ እየነጠፈ ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ።