አንካሳው በብረት ሰሌዳው ላይ

ካድሬው አንድ ጢማም ገበሬ እየነዳ ወደ ላቦራቶሪዬ ሲገባ፣ ለእኔ የመጣ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን ጎንደር ውስጥ በር ሲከፈት ሁላችንም ሌላ ነገር አናስብም ነበር።

የመጣው ግን ለብረት ሰሌዳዬ ነው። በሕክምና ኮሌጁ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ አስተምር ነበር። ወለሉ ላይ የገጠምኩት ሰሌዳ ሰው ሲረግጠው፣ የእግሩን ጫና በሚጠቀለል ወረቀት ላይ በመስመር ይስላል። ከመስመሩ ተነስቼ ሰውነቱ በየእርምጃው ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንዳለ፣ ያን ክብደት ለማንሳትም ጡንቻው ምን ያህል ሥራ እንደሠራ አሰላለሁ። ወሬው ካድሬው ዘንድ ሲደርስ ግን «ውሸታም እግር የሚያጋልጥ ማኪና» ሆኖ ነበር።

«ጓድ፣ ይህ ሰው ለሚሊሺያ ሲመለመል አንካሳ ነኝ አለ። ከትክል ድንጋይ ወረዳ ነው ያመጣሁት። መርምርና ንገረኝ» አለ።

«አያ፣ እስቲ በዚህ ላይ እለፍ» አልኩት ገበሬውን።

አማተበና ረገጠው። በቀኙ እያነከሰ ሄደ፤ ተመለሰ። ላብ በላብ ሆነ።

መስመሩን እንዳየሁ ገባኝ። ከልጅነቱ ያነከሰ ሰው ጉልበቱን መቆጠብ ይማራል፤ ሰውነቱን በከንቱ አያነሳም፣ አይጥልም። ይኼ ሰውዬ ግን እንደ ዘነዘና ይነሳል፣ ይወድቃል። በዚያ ላይ ታመመ ባለው እግሩ ሰሌዳውን የገፋበት ኃይል የጎበዝ ነው። ጤነኛ ነበር። ማወቄ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ወረቀቱ ላይ አጎነበስኩ።

«እህስ?» አለ ካድሬው።

ቁጥሩን አልቀየርኩም፤ ለዚያ እንኳ ድፍረቱ አልነበረኝም። «ይኸው ጓድ፣ በአንድ እርምጃ የጤነኛ ሰው እጥፍ ሥራ ይሠራል። ቢዘምት እዚሁ ቅርብ ያለችውን ማክሰኝትን እንኳ ሳያልፍ ይወድቃል» አልኩ። ስሌቱ እውነት ነው፤ ትርጉሙ ግን የእኔ ፈጠራ ነበር።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ትፈርምበታለህ?»

ብዕሩ ሁለቴ ከእጄ አምልጦኝ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ነፍስና የእኔ ነፍስ አንድ ላይ ታሰሩ።

ገበሬው ሲወጣ ጠጋ ብሎ «ምነው ዶክተር፣ እርስዎንም ያምዎታል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም።

ያን ሰሞን ሰውዬውን ቀጥ ብሎ ሲያርስ ያዩት ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። አንድ ጠዋት ካድሬው ተመልሶ መጣ። ፊቱ ፈክቷል።

«አለቆች ሥራህን ወደውታል። ከዛሬ ጀምሮ አንካሳ ነኝ የሚል ሁሉ በአንተ ሰሌዳ ያልፋል» ብሎ ወደ መስኮቱ ጠራኝ።

ግቢው ውስጥ አንድ የወታደር መኪና ገበሬዎች ያራግፋል። በዚያ አነካከስ ሰው እንደተለቀቀ ወሬው ገበያውን አዳርሶት ኖሯል። ሁሉም ያነክሳሉ፤ ሁሉም በቀኝ እግራቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ሰውዬ እየተነሱና እየወደቁ።

ካድሬውም ከጎኔ ቆሞ ያያቸዋል። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁ።