የማትቸኩለው ተሳፋሪ

የአውቶቡስ መስመሮቹ ከባቡሩ ጋር እንዲገናኙ ሲከለሱ፣ ተሳፋሪ እየጠየቅሁ ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ። እሷን ያኔ ነው ያየኋት። ጠዋት ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ትሳፈርና መስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። እጆቿ ከሳሙና ብዛት ነጥተዋል። ጫማዋን ከተረከዟ ቀስ አድርጋ ታወልቃለች፤ ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳናልፍ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳታል። የዛፎቹ ጥላ ፊቷ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ የት እንደደረሰች እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ነቅታ አገኘኋትና "እትዬ፣ ጉዞው ምን ቢሻሻል ይወዳሉ?" አልኳት። ሌላው ሁሉ "ይፍጠን" ነበር መልሱ።

"አታሳጥሩብኝ" አለችኝ። "ሌሊቱን የበሽተኛ አንሶላ ሳጥብ አድራለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ የማገላብጣት እኔው ነኝ። እዚህ ግን ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ማንም አይጠራኝም።"

ቅጹ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላልነበረው ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

አዲሱ መስመር ሥራ በጀመረ ዕለት በአሥራ ሁለት ደቂቃ ባቡር ጣቢያው ደረስን። ሰዉ ግር ብሎ ወረደ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"እህቴ፣ መጨረሻው ነው እኮ" አላት ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት።

"አውቃለሁ፣ ወንድሜ" አለች ዐይኗን ሳትገልጥ። "ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ቆጥቦልሻል ብላችሁኝ የለ? እሱኑ ልተኛበት።"

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋና መሪውን ቀስ ብሎ ወደ መጣንበት አዞረ።