ከመስቀል ወዲህ ያልታጠበ ሱሪ

ይህ የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ እዚሁ አዳማ፣ በገዛ ቤቴ ነው። ልጆቼን በንጽሕና አሳደግኩ ብዬ የምኮራ ሰው ስለሆንኩ ለማንም ሳላወራው ቆይቼ ነበር። አሁን ግን ሰፈሩ የየራሱን እየጨመረ ስለሚያወራው ትክክለኛውን እኔው ልጻፈው ብያለሁ።

የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልተቀመጥኩም፤ ማንበቡንም፣ ሞተር መፍታቱንም የተማርኩት በራሴ ነው። የሥራ ልብሴ ከግራሶ ተለይቶ አያውቅም፤ ቅዳሜ ማታ ግን ታጥቦ ገመድ ላይ ይውላል። ሥራው ሊቆሽሽ ይችላል፣ ሰውየው ግን መቆሸሽ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ትልቋ ልጄ ሰላም አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ፣ «አባባ፣ አንድ ልጅ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ለሊሳ ይባላል። የዓለም ጤና ከተማ የሽንኩርት ገበሬ ልጅ ነው፤ ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እኔ ካልወደድኩት ሽማግሌ እንደማይልክ ሁለቱም ያውቃሉ። የመጣውም ለዚሁ ነው፤ ላየው።

እሑድ ከሰዓት መጣ። በራፋችን ላይ የቆመውን ውሃ አንድ ባጃጅ ረጭቶበት አንድ እግሩ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኗል። እንዲህም ሆኖ መጀመሪያ ያደረገው ጫማውን ማውለቅ ነው። ጫማው ወታደር የሚያደርገው ዓይነት ቦት ነው። የማሰሪያው ቀዳዳ ብዛቱ! እኔ ቆሜ እጄን ዘርግቻለሁ፣ እሱ አጎንብሶ ይፈታል። በመጨረሻ ሰላምታዬን ለአናቱ ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

ሰላም ለስላሳ ልታመጣ ወጣች፤ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ማዕድ ቤት ናት። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ልጁ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ብሎ ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ሲቀመጥ ሱሪው እንደ ካርቶን ኮሽ ኮሽ አለ።

«ይሄ ሱሪ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደረቀው?»

«ጥሬ ጂንስ ነው አባባ። ከተሸመነ በኋላ ውሃ ሳይነካው ነው የሚለበሰው። ሲቆይ የለባሹን ሰውነት ይይዛል። ይዩት፣ ከጉልበቱ ኋላ መስመሩ እንደ ማር እንጀራ እየሆነ ነው።» ጠርዙን ገልብጦ ቀይ ክር አሳየኝ፤ የጥሩ ሽመና ምልክት ነው አለ። ዓይኑ በርቷል።

«መቼ ነው ታዲያ የሚታጠበው?»

«ቶሎ ከታጠበማ ይበላሻል። እኔ ከመስቀል ወዲህ አላጠብኩትም።»

በልቤ ወሮቹን መቁጠር ጀመርኩና ደንግጬ ተውኩት።

«ሽታውስ?»

«ማታ ማታ ውጭ አሰጣዋለሁ፣ ንፋስ ያጸዳዋል።»

«እኔም ፍየል ነበረችኝ፣ ውጭ ነበር የምታድረው። ጠዋት ስትገባ ግን ያው ፍየል ፍየል ትሸታለች።»

ሳቀ። አለመቆጣቱ ደስ አላለኝም፤ ተግሣጼ ወደ ቀልድ ሄደብኝ። ጫማው ላይ ግን ተስማማን። ሶሉ በክር የተሰፋ ስለሆነ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ቆዳውም ሲያረጅ ያምራል አለኝ። እኔም በሙጫ የተለጠፈ ጫማ ጫማ አይባልም ባይ ነኝ። የሱሪው ነገር ባይኖር ኖሮ ያን ሰዓት እወደው ነበር።

«ተነስ» አልኩት፤ «በእኔ ቤት እንግዳ በጭቃ ልብስ አይቀመጥም። ቢጃማ አለኝ፣ እሱን ልበስና ይህን እናጥብልህ።»

«ኧረ አባባ፣ ሲደርቅ በብሩሽ ይራገፋል። እባክዎ አይቸገሩ።»

«ምን ችግር አለው?»

«የለም፣ ማለቴ...»

«ተነስ እንጂ!»

ተነሳ። ታላቅ ሰው ደጋግሞ ሲያዝ እምቢ የሚል ልጅ እኛ ዘንድ የለም። ይሉኝታ አፉን ያዘው፤ ቢጃማዬን ለብሶ ሱሪውን አስረከበኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ለደግነት ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ልሰጠው ፈልጌ ነው።

ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ጥሩወርቅ ነጫጭ ልብስ ሞልታ ዱቄት ሳሙና ልታመጣ ሄዳለች። በማግስቱ ማኅበር ነበረን፤ የእኔ ነጠላ፣ የአገር ልብሴ፣ የእሷ ቀሚስ፣ የእንግዳ አንሶላ ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ሱሪ ምን ያመጣል ብዬ ጨመርኩት። በማላውቀው ዕቃ አልደነግጥም፤ የከረመ ቆሻሻ የሚለቀው በፈላ ውሃ ነው ብዬ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አዞርኩትና አስነሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ የጥሩወርቅ ጩኸት ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ከተትክበት? ቀለም ነው እንዴ የምታፈላው? የነገው የማኅበር ልብስ እኮ ነው!»

ሮጠን ደረስን። በመስታወቱ የሚታየው ውሃ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ይመስላል። ስንከፍተው ነጠላዬ ሰማያዊ፣ ቀሚሷ ሰማያዊ፣ አንሶላው ሰማያዊ። ከመሐል ሱሪው ወጣ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሱሪ አክሏል፤ የማር እንጀራው መስመርም ጠፍቷል።

የልጁን ፊት ጠበቅኩ። ቢቆጣ ተገላገልኩ፤ ለሰላም የምነግራት ምክንያት አገኘሁ ማለት ነው። ሱሪውን አንድ ጊዜ አየው፣ ቀስ አድርጎ የማሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ፣

«አባባ፣ ነጠላዎ!» አለ። «ለነገ ነበር አይደል? ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታሽ ትንሽ ይለቅ ይሆናል።»

መልስ ሳይጠብቅ ሳፋውን ይዞ ጓሮ ወጣ። ሰላም ለስላሳውን ይዛ ስትመለስ፣ ሊያገባት ያሰበው ልጅ የእኔን ባለመስመር ቢጃማ ለብሶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጠላዬን ያሻል። ጠርሙሶቹን አስቀምጣ ሳቋን እየዋጠች የነጠላውን ጫፍ ይዛ አብራው መጭመቅ ጀመረች።

ይህን ጊዜ ከአጥሩ በላይ የጎረቤታችን የአዴ ጫልቱ ራስ ብቅ አለ።

«አካም ጅርቱ፣ እንዴት ዋሉ ጋሽ ተፈራ! ይሄ ቢጃማ የእርስዎ አይደለም እንዴ? ልጁስ ማነው?»

ሰላም እንደ ሐውልት ቆመች። ልጁ ዓይኑን ከሳፋው አላነሳም። እንግዳ ነው እንዳልል፣ የምን እንግዳ ነው በቢጃማዬ ከልጄ ጋር ልብስ የሚያጥበው? ዝም ብል ደግሞ አዴ ጫልቱ የጎደለውን ራሷ ሞልታ ሳይመሽ ሰፈሩን ታዳርሳለች። ግን ያሸነፈኝ የሰው ወሬ ብቻ አይደለም። ለወራት የደከመበትን ነገር አበላሽቼበት ስለ እኔ ነጠላ ያዘነ ልጅ ፊቴ ተንበርክኳል።

«አማቼ ነው» አልኩ።

ሰላም የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው፤ ነጠላው ጭቃው ላይ ወደቀ። «ሽማግሌ ሳናይ?» አለች አዴ ጫልቱ። «ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው» አልኳት። ውሸት ነው፤ በዕድሜዬ ከዋሸኋቸው ጥቂት ውሸቶች አንዱ።

ሽማግሌዎቹ ከዓለም ጤና የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እንደ ወጉ እኔም የማላውቅ መስዬ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው፣ «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ታጋሽ ነው፣ ቁጣ አያውቅም» ብለው ሲጀምሩ መታገሥ አቃተኝ።

«ይቀመጡ አባቴ» አልኳቸው፤ «እሱን እኔው ቀቅዬ አይቼዋለሁ።»

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፣ ብቻዬንም እስቃለሁ። ልብስ መታጠብ አለበት፤ ከዚህ አቋሜ አልተነቃነቅኩም። የሰውን ልብስ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አላጥብም።