የፍርድ ቤቱ መዛግብት በሊንደበርግ ምድር ቤት

ስለ ትውልድ አገር ንግግር ማድረግ በሕግ ቢከለከል የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ። አገሬን ጠልቼ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ በምኖርበት የሊንደበርግ ብሎክ ምድር ቤት ተቀምጬ ከሚገባው በላይ የትውልድ አገር ስለሰማሁ ነው።

ኦስሎ ውስጥ የምንተዋወቅ አሥራ አራት ሰዎች አንድ ማኅበር አለን። ማኅበር አልኩት እንጂ ስምም መተዳደሪያም የለውም። ገሚሱ ሆስፒታል ይሠራል፣ ገሚሱ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ የቀረው ተምሮ ጨርሶ ምን እንደሚሠራ በቅጡ አይናገርም። በየተራ አንዱ ይነሳና የተወለደበትን ወረዳ ታሪክና መልክዐ ምድር ያስረዳል፤ ሌላው ከቴርሞስ ቡና እየቀዳ ያዳምጣል። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር። ችግሩ የማንም ወረዳ ብቻውን አለመፈጠሩ ነው። አጠገቡ ሌላ ወረዳ አለ፤ በሁለቱ መሃል አንድ ገበያ ወይም አንድ ምንጭ አለ፤ ያ ምንጭ የማን እንደሆነ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጧል።

አንድ ጊዜ ተራው የኢንጂነሩ ሆነ። ኢንጂነሩ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከፕሪንስዳል የሚመጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትንፍሽ ሳይል ከርሞ የአምስቱን ቀን ንግግር ቅዳሜ የሚያወጣ ሰው ነው። ወረዳውን ሲያስረዳ አንዲት የገበያ ከተማን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ወሰን አስገባት። ከተማዋ ከትቬይታ የምትመጣው ነርስ እናት የተወለዱባት ሆና ተገኘች። ከዚያ የተባባሉትን ከላያችን ያሉት ሦስት ፎቆች ሰምተዋል።

በሳምንቱ የቦሬትስላጉ፣ ማለትም የብሎኮቹ የነዋሪዎች ማኅበር፣ ሊቀመንበር የሆነችው ሴት አጭር ደብዳቤ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ጣለች። አንድ ተጨማሪ አቤቱታ ከመጣ የመሰብሰቢያ ክፍሉ ቁልፍ ይመለሳል ይላል። ለቁልፉ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ክፍሉን ካጣን ሌላ የለንም። የማናችንም ሳሎን አሥራ አራት ሰው አይችልም፤ ካፌ ውስጥ ደግሞ እንደኛ ከተወራ ሰው አምቡላንስ ይጠራል። አምስት ቀን በኖርስክ ትሑት ሆኖ የከረመ ሰው በስድስተኛው ቀን በአማርኛ የሚከራከርበት አንድ ክፍል ያስፈልገዋል። ነርሷ በተለይ ከሥራ በኋላ የምትሄድበት ሌላ ቦታ እንደሌላት ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አንስቶት ግን አያውቅም።

ስለዚህ አዲስ ደንብ አመጣሁ። ከእንግዲህ የሚቀርበው ማናችንም ዘመድ የሌለንበት ቦታ ብቻ ይሁን አልኩ።

እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አይስላንድ አልኩ፤ የአንዷ የአክስት ልጅ እዚያ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ግሪንላንድ አልኩ።

«የወንድሜ ሚስት ሁለት ክረምት ሠርታበታለች» አለች ነርሷ። «እዚያም ቅሬታ አላት።»

መፍትሔው የተገኘው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ከሚያኖርበት መደርደሪያ ላይ ነው። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ። በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች፣ አፓላቺያ በሚባለው አገር ስላለች አንዲት የገጠር ካውንቲ ብቻ የተጻፈ። ካውንቲ ማለት እኛ ወረዳ የምንለው ነው። ጸሐፊው እዚያው አስተምሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። መጽሐፉን ማን ሊንደበርግ ድረስ እንዳመጣው አይታወቅም። እኔ ሰው ያደነቀውን መጽሐፍ ለማንበብ ትዕግሥት የለኝም፤ ሰው የጣለውን ግን እስከ መጨረሻው ገጽ እታገለዋለሁ። ሦስት ሳምንት በባቡር እየተመላለስኩ አነበብኩት። ያልተመዘገበ ጅረት የለም፤ ያልተቆጠረ መቃብር የለም። ማን መጀመሪያ ወፍጮ እንዳቆመ፣ የማን በቅሎ ወንዙ ውስጥ እንደገባች፣ ሁሉም አለ። እዚያ መንገድ ለጠየቀ እንግዳ «ድሮ ትምህርት ቤቱ ከነበረበት ወደ ግራ ታጠፍ» ብለው ይመልሱለታል። ይኼን ሳነብ ትንሽ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

የካውንቲዋን ስም አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ አንዳችሁ ዘመድ ታወጡበታላችሁ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ጥቅልል ዘርግቼ ካርታውን በትልቁ ሥዬ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩት። ከላይ፣ ሸንተረሩ ላይ፣ አንድ ከተማ። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሌላ ከተማ።

«እነዚህ ተራሮች እጅግ ያረጁ ናቸው» አልኩ። «ውቅያኖሱ ሳይከፈት በፊት ከኖርዌይ ተራሮች ጋር አንድ ሰንሰለት ነበሩ። መሬቱ ሲለያይ ገሚሱ ወዲያ ሄደ፣ ገሚሱ ወዲህ ቀረ።»

«በፍቺው ቤቱ ለማን ተወሰነ?» አለ ኢንጂነሩ። ተሳቀ። ነርሷ እንኳ ሳቀች፤ ከኩርፊያው በኋላ በእሱ ቀልድ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀጠልኩ። ሸንተረሮቹ ጎን ለጎን እንደ ጣት ተዘርግተዋል፤ በመሃላቸው ጠባብ ሸለቆ፣ በየሸለቆው አንድ ጅረት፣ በየጅረቱ አንድ ቤተሰብ። ጎረቤትህ የሚያበስለው ይሸትሃል፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን እስከ ሸለቆው አፍ ወርደህ፣ ዞረህ፣ እንደገና ትወጣለህ።

«ከፕሪንስዳል እንደመምጣት» አለ ኢንጂነሩ።

በቆሎ፣ አደን፣ ጨው፣ ከዚያ የድንጋይ ከሰል። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ እንቅልፍ ወሰዳት። በማንም ሰው እንቅልፍ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ዙሪያውን አየሁ፤ ሁሉም ሰልችቶታል፣ ሁሉም ሰላም ነው። የዓለም መሪዎች ይኼን ዘዴ አያውቁትም ብዬ በልቤ ተኮፈስኩ፤ በዚያው ሙቀት ወደ ፍርድ ቤቱ ምዕራፍ ገባሁ።

ፍርድ ቤቱ ከመጀመሪያው የነበረው በላይኛው ከተማ ነው አልኩ። የመሬት ውል፣ ጋብቻ፣ ውርስ፣ ሁሉም የሚመዘገበው እዚያ ነው። ኋላ የባቡር ሐዲዱ በታችኛው ከተማ በኩል አለፈ። የታችኞቹ ፍርድ ቤቱ ወደ እኛ ይውረድ አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ መራጩ ከነዋሪው በለጠ ተብሎ ይታማል። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ የላይኞቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳሉ፣ የታችኞቹ በጋሪ መጥተው መዛግብቱን ጭነው ወረዱ።

ነርሷ ስኒዋን አስቀመጠች።

«በጸሎት ሰዓት?»

«በጸሎት ሰዓት።»

«እና ዝም ተባሉ?»

«እህቴ» አለ ኢንጂነሩ፣ «ከሸለቆው ጫፍ ለአንድ የመሬት ወረቀት ሁለት ቀን የሚሄደውን ሰው አስቢው። ባቡሩ ከታች ነው። ገበያው ከታች ነው። መዝገቡ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? አየር ይቀበላል?»

«ስለዚህ ይሰረቅ?»

«ተዛወረ እንጂ አልተሰረቀም።»

«አንተ የማዛወር ልምድ አለህ። የእናቴንም ከተማ አዛውረሃል።»

ተማሪዋ ነቃች። ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ለታችኞቹ ወገነች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላስረዳችም። ሰው ወንበሩን እየጎተተ በካርታው ግራና ቀኝ ተሰለፈ። የሞቱ ሰዎች ጉዳይ ነው ብዬ ጮህኩ።

«ልጆቻቸው አልሞቱም» አለኝ ኢንጂነሩ።

አንዱ ለማስታረቅ ብሎ ፍርድ ቤቱ ስድስት ስድስት ወር ይዘዋወር አለ፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ ተሳደቡበት። ሌላው መሃል ላይ ይሠራ አለ። ካርታውን አይቼ መሃል ላይ ያለው መቃብር መሆኑን ተናገርኩ።

«የማን መቃብር?» አለች ነርሷ።

አውቀው ነበር፤ መጽሐፉ ይናገራል። እንዲህ ያለ እውቀት ለምን አጠራቀምኩ ብዬ ተጸጸትኩ። «የላይኞቹ» አልኩ።

«ይኸው። አጥንታቸው ያለበት አገር የእነሱ ነው።»

«መጽሐፉን አምጣው እስቲ» አለ ኢንጂነሩ። ሊያገላብጥ ሲጀምር ነርሷ ከእጁ ነጠቀችው። የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ቀስ ብላ ወደ ሁሉም አዞረችው።

«ጸሐፊው የየት ሰው ነው? የታችኛው ከተማ ተወላጅ። እኛ እኮ ስንከራከር የቆየነው በሌባው ማስታወሻ ነው።»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለይቶ መናገር አይቻልም። በጣም ደስ ይል ነበር። ይኼን ማመን አልፈልግም፤ ግን ከዓመታት ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዴን ይዤ የሳቅሁበት ጊዜ የለም። እንባዬን እየጠረግሁ ነበር በሩ የተንኳኳው።

ሊቀመንበሯ ነበረች፤ የሱፍ ካልሲዋን እንዳደረገች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ እንደሰካች። በኖርስክ ሁላችንም ወዲያው ትንንሽ ሰዎች ሆንን።

«ቁልፉን» አለች።

ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ካርታው ላይ፣ መቃብሩ ላይ አረፈ። ነርሷ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሊቀመንበሯ ቁልፉን ልታነሳ ጎንበስ አለችና መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አወረደች።

«ይህ የት ነው?»

«አሜሪካ» አለች ልጄ። ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ ሕግ የምትማር፣ ወደ ማኅበሩ የምትመጣውም ቫፈል ለሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ብቻ እንደሆነ የማትደብቅ ናት። ያን ዕለት ድምፅ ቆጣሪ አድርገናት ነበር።

«ከመካከላችሁ የማን አገር ነው?»

«የማንም።»

«ታዲያ ለምን ትጮኻላችሁ?»

ልጄ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዳቻት፤ ሸንተረሩን፣ ባቡሩን፣ ጋሪውን። ሊቀመንበሯ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወንበር ሳበች።

እሷ የምዕራብ ሰው ናት፤ የተወለደችው ፊዮርድ በሚሉት የባሕር ወሽመጥ ዳር፣ ኮሙነ በሚሏት ትንሽ ወረዳ ውስጥ ነው። ኮሙነዋ ከፊዮርዱ ማዶ ካለችው ጋር እንድትዋሐድ ተወሰነ። ጽሕፈት ቤቱ ወደ ማዶ ሄደ። ወንድሟ የጀልባ መጠለያ ለመሥራት ፈቃድ ቢፈልግ በመርከብ መሻገር አለበት።

«አንድ ሰኞ በመኪና መጥተው መዛግብቱን ጫኑ» አለች።

«ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ?» አለች ነርሷ በተስፋ።

«ሥራ ላይ ሳለ።»

«ያም ቢሆን» አለች ነርሷ፤ ትንሽ ቅር ብሏታል።

ሊቀመንበሯ ወንበሯን አንስታ ወደ ላይኞቹ በኩል ተሻገረች። እኔ ድምፅ አልሰጥም ብዬ፣ ልጄ ቆጣሪ ሆና፣ እስከዚያ ድረስ ስድስት ለስድስት ነበር። አሁን ሰባት ሆኑ።

«ይቅርታ» አለ ኢንጂነሩ በተቻለው ትሕትና፣ «እሷ በዚህ ጉዳይ ምን ያገባታል?»

«ተራራው አንድ ነው ተብሏል» አለች ልጄ። «አባዬ ነው ያለው። አንተም ሰምተሃል።»

«አንቺ ልጅ፣ አንቱ በይኝ።»

«ናይ» አለች በኖርስክ። እዚህ የተወለደ ልጅ «አይ» ማለት አይሆንለትም። «ድምፅህ ያው አንድ ነው።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። እኩል እንዲሆን ድምፅ ስጥ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት የለኝም አልኩ፤ ማንም አላመነኝም።

ሊቀመንበሯ በዚህ መሃል ቁልፉን አነሳች።

«ከሁሉም በላይ የጮኸው ማነው?» አለች።

አሥራ ሦስት ሰው ኢንጂነሩን አየ።

«ቁልፍ የያዘ ሰው ስለ ጩኸቱ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ የሚጮኸው ይያዘው።» ሰጠችው። ወረቀት አውጥታ አስፈረመችው። የክፍሉ ቁልፍ ለብሎኩ ነዋሪ ብቻ እንደሚሰጥ ደንቡን ጠቅሼ ተቃወምኩ።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

በወሩ፣ በሚዘንብበት ቅዳሜ፣ አሥራ ሦስታችን በተቆለፈ በር ፊት ቆመን ነበር። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ወርጃለሁ። ነርሷ ከትቬይታ ሦስት ፌርማታ ተሳፍራ ቀድማ ደርሳለች። ሊቀመንበሯም አብራን ቆማለች፤ ተራው የእሷ ነበር፣ የዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ቁልፉ ብቻ ከፕሪንስዳል እየመጣ ነው። አውቶቡሱ ዘግይቶ ባቡሩ አምልጦታል ብሎ ጽፏል።

«ቁልፉ ከጥንት ጀምሮ የነበረው እዚህ ነው» አለች ነርሷ። «እዚሁ መቀመጥ ነበረበት።»

ካልሲዬ ረጥቧል። ለአንድ ወረቀት ሁለት ቀን ስለሚሄደው የሸለቆ ሰው አሰብኩ። «እንግዲህ የታችኞቹም እውነት አላቸው» አልኩ። ነርሷ ጋሪውን የነዳሁት እኔ እንደሆንኩ አድርጋ አየችኝ።

ኢንጂነሩ ከጣቢያው በኩል ብቅ አለ። አይቸኩልም። ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነበር።

«መንገዱ ረጅም ነው አይደል?» አለ፤ ከፈተ።

ወንበሮቹን ባለፈው ማንም አልመለሳቸውም፤ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተፋጠው ጠብቀውናል። ሁሉም ሳይነገረው በየወገኑ ተቀመጠ። ሊቀመንበሯ ካርታዋን አነጠፈች፤ ፊዮርዱ በመሃል፣ ኮሙነዎቹ በሁለቱ ዳር። የእሷ ዳር ከማዶው እጥፍ ሆኖ ተስሏል። ኢንጂነሩ ኮቱን ሳያወልቅ እጁን አወጣ።